ባግዳድን በ3 ሳምንት ይዘው ከዛ በኋላ እንዴት ነው እንደዛ የተበላሸባቸው?

የማታው ወፍ፦
ሰላም ቤቶች። ትናንት ማታ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ስለ ኢራቅ ጦርነት ስንጨቃጨቅ አምሽተን ሳንስማማ ተኛን፣ ስለዚህ ክርክሩን እዚህ ላምጣው አልኩ። ቀኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ምጽፈው እንዳትደናገሩ።

የወንድሜ ክርክር አጭር ነው፣ "አሜሪካኖቹ ፕላን አልነበራቸውም፣ በቃ" ይላል። እኔ ደግሞ ይሄ ነገር አልዋጥልኝ ብሏል። ማርች 20፣ 2003 ከኩዌት ተነስተው ገቡ፣ ኤፕሪል 9 ፊርዶስ አደባባይ ላይ የሳዳም ሀውልት ተጎትቶ ወደቀ። 3 ሳምንት ነው! ያን ሁሉ ጦር በረሃ አቋርጦ፣ ነዳጁን ውሃውን ጥይቱን ከኋላ እያስከተለ ዋና ከተማ ማስገባት ያለ ፕላን ይሆናል እንዴ? የቱ ድልድይ መቼ እንደሚያዝ፣ የቱ ህንፃ በስንት ሰዓት እንደሚመታ ቁጭ ብለው የጻፉ ሰዎች በማግስቱ ጠዋት ምን እንደሚሰሩ ጠፋቸው ብሎ ማመን ይከብደኛል።

ስለዚህ ጥያቄዬ፣ እውነት ፕላን ጠፍቶ ነው ወይስ ኖሮ ነው የተበላሸው? አንድ ስህተት ምረጡ ብትባሉስ የቱን ትመርጣላችሁ? የጅምላ ጨራሽ መሣሪያው ነገር ባዶ መሆኑን አውቃለሁ እሱን ለዛሬ እንተወው፣ ከገቡ በኋላ ያለውን ነው ምጠይቀው።

ባለ ቀይ እስክሪብቶ፦
ወንድምህም አልተሳሳተም አንተም አልተሳሳትክም። የመግቢያ ፕላን ነበራቸው፣ የመቆያ ግን አልነበራቸውም። እንዲያውም ትክክለኛው አባባል የመቆያ ፕላኑ ተጽፎ መሳቢያ ውስጥ ቀረ ነው።

ስቴት ዲፓርትመንት (የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ) ከ2002 ጀምሮ በስደት ያሉ ኢራቃውያንን፣ ዳኛውን መሐንዲሱን ሐኪሙን፣ ሰብስቦ በ17 ቡድን ከፋፍሎ ስለ መብራቱ፣ ስለ ፍርድ ቤቱ፣ ስለ ጦሩ የሚያወራ ብዙ ጥራዝ ጥናት አሰርቶ ነበር። አገዛዙ በወደቀ ማግስት ግድያና ዝርፊያ ሊነሳ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ ሁሉ አለበት። ግን ከጦርነቱ በኋላ ያለውን ሥራ እንዲመራ የተደረገው ፔንታጎን፣ መከላከያው ነው፣ ፔንታጎንና ስቴት ዲፓርትመንት ደግሞ በዛን ጊዜ ያው እንደ ጣውንት ነበሩ፣ አንዱ የጋገረውን ሌላው አይበላም። ጄይ ጋርነር የሚባል ጡረታ የወጣ ጄኔራል የድህረ ጦርነቱን ቢሮ እንዲያቋቁም የተነገረው ጃንዋሪ 2003 ነው፣ ውጊያው ሊጀመር ሁለት ወር ሲቀረው ማለት ነው። ሰውየው ጥናቱ መኖሩን ሲሰማ ጥናቱን የመራውን ባለሙያ ወደራሱ ቡድን ሊያመጣው ፈለገ፣ ከላይ የመከላከያ ሚኒስትሩ ራምስፌልድ "ይውጣ" አለና ወጣ። አለቀ። አስበው ለጀርመን ይዞታ የሚሆኑ መኮንኖችን ለማሰልጠን ቨርጂኒያ ውስጥ ትምህርት ቤት የከፈቱት ሜይ 1942 ነው፣ ጀርመን ከመሸነፏ ሦስት ዓመት በፊት።

ከዛ የወታደሩ ቁጥር አለ። የምድር ጦሩ አለቃ ጄኔራል ሺንሴኪ ፌብሩዋሪ 25፣ 2003 ሴኔት ፊት ቀርቦ ኢራቅን ለመያዝ ስንት ሰው ይበቃል ሲባል ብዙ መቶ ሺህ ወታደር ያስፈልጋል አለ። ሁለት ቀን ሳይቆይ የራምስፌልድ ምክትል ዎልፎዊትዝ ኮንግረስ ቀርቦ ግምቱ ጭራሽ የራቀ ነው አለ፣ ምክንያቱ ደግሞ ሳዳምን ለመጣል ከሚያስፈልገው ጦር በላይ ሀገሩን ለማረጋጋት ያስፈልጋል ብሎ ማሰብ ይከብዳል የሚል ነው። ነገሩ ሁሉ እዚች ላይ ነው የተበላሸው ባይ ነኝ። መንግሥት ለመጣል ዋና መንገዱንና ድልድዩን ከያዝክ ይበቃሃል። ሀገር ለመጠበቅ ግን ባንኩ በር ላይ ሰው፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ሰው፣ የጥይት መጋዘኑ ላይ ሰው፣ ድንበሩ ላይ ሰው ማቆም አለብህ፣ ሌሊትም ቀንም፣ በፈረቃ። ባግዳድ የገባው 3ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ራሱ በኋላ በጻፈው ሪፖርት ከውጊያ በኋላ ላለው ምዕራፍ ከላይ የወረደልን ፕላን አልነበረም ብሏል። ይሄን የሚለው ተቃዋሚ አይደለም፣ በሩን የሰበረው ጦር ነው።

እና ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ነገር ቀረና ዝርፊያው መጣ። ከኤፕሪል 10 ጀምሮ ብሔራዊ ሙዚየሙ ተዘረፈ፣ ወደ 15 ሺህ ቅርስ ወጣ፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ተቃጠለ፣ ባግዳድ ውስጥ ከነበሩት 23 ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች 17ቱ ከአገልግሎት ውጪ ሆኑ። ወንበርና ኮምፒውተር ብቻ እንዳይመስልህ፣ ግድግዳ ሰብረው ለመዳቡ ሲሉ የመብራት ሽቦ መዘዋል፣ የመስኮት ፍሬም ነቅለዋል። ጋርነር ባግዳድ ሲደርስ "ከሚኒስቴሮቹ ጋር እንሰራለን" የሚለው ዕቅዱ ሄዶ የሚገባበት ቢሮ አልነበረውም። የነዳጅ ሚኒስቴሩ ግን ታንክ ቆሞለት ተርፏል፣ ይሄንን ኢራቃዊ ሁሉ አይቷል። ራምስፌልድ ስለ ዝርፊያው ሲጠየቅ ኤፕሪል 11 "እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል" አለ፣ ነጻ ሕዝብ ስህተት የመሥራትም ነጻነት አለው ብሎ።

ከተዘረፈው ውስጥ ደግሞ ወንበር ያልሆነም ነበር። አል ቃቃ በሚባለው ቦታ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኤጀንሲ ያሸገው ከ340 ቶን በላይ ኃይለኛ ፈንጂ ጠባቂ አጥቶ መዘረፉን የኢራቅ ባለሥልጣናት ራሳቸው በ2004 አሳውቀዋል። በኋላ መንገድ ዳር የተቀበረው ፈንጂ ከየት መጣ ትላለህ? ከሳዳም ጊዜ የቀረ መጋዘን ሞልቶ ነበር፣ ዘበኛ ብቻ ነው የጠፋው።

ጨው ያለበት፦
ረጅም ጻፋችሁ። ፕላኑ ነዳጅ ነበር፣ ነዳጁን ጠበቁት፣ ተሳካ። ምኑ ነው ያልገባችሁ?

ባለ ቀይ እስክሪብቶ፦
@ጨው ያለበት ይሄን ሰው ሁሉ ይለዋል ግን ነዳጁስ መቼ ተሳካ? ቧንቧውን እያፈነዱት የኢራቅ ምርት ለዓመታት ከጦርነቱ በፊት የነበረበት ላይ መድረስ አቅቶት ቆየ። በ2009 ትልልቆቹ የነዳጅ ሜዳዎች ለጨረታ ሲወጡ ሩሜላን ከእንግሊዙ ቢፒ ጋር የወሰደው የቻይና ኩባንያ ነው። ለቻይና ብለው ነው የሞቱት እንዳትለኝ ብቻ።

ጨው ያለበት፦
እሺ አንድ ለዜሮ 😂

የዱባዩ፦
እኔ ፖለቲካውን እንደናንተ አልተነትንም ግን አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ዱባይ መጋዘን ውስጥ የምሰራ ጊዜ ከኔ ጋር የሌሊት ፈረቃ የሚገባ ኢራቃዊ ነበር፣ የሞሱል ሰው፣ በጦሩ ውስጥ ሻለቃ የነበረ። ሻለቃ! እና ከኔ ጋር ካርቶን ይቆጥራል። ሲቆጥር ደግሞ ድምፁ ሳይወጣ ነበር ሚቆጥረው፣ አንድም ቀን አጉድሎ አያውቅም።

አንድ ሌሊት ሥራ ሲቀዘቅዝ አወራኝ። ከጦርነቱ በፊት አውሮፕላን ወረቀት በተነብን አለ፣ "አትዋጉ፣ መሣሪያችሁን ትታችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ" የሚል በአረብኛ የተጻፈ። እሱም ከወታደሮቹ ጋር ተመካክሮ ሄደ። ሳዳምን ስለጠላ ብቻ አይደለም፣ መዋጋቱ እንደማያዋጣ ስላየ ነው። ቤቱ ገብቶ መለዮውን ሚስቱ አጥባ ተኩሳ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀለችው፣ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይጠሩናል ብሎ። ጠዋት ጠዋት ጢሙን ይላጫል፣ ጫማውን ይወለውላል፣ ቁጭ ብሎ ሬዲዮ ይሰማል። በሜይ መጨረሻ በዛው ሬዲዮ ጦሩ ፈርሷል ተባለ። እሱ ብቻ አይደለም ጦሩ እንዳለ፣ ከነማዕረጉ ከነጡረታው። ኮከቦቹን ከትከሻው ላይ ፈትቶ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ ከተታቸው።

የነገረኝ ነገር እስካሁን አይረሳኝም፣ "ሥራ ስላጣሁ አይደለም የተናደድኩት" አለ፣ "የጠላትን ወረቀት አምኜ ስለሄድኩ ነው። የተዋጋውም ያልተዋጋውም እኩል ከሆነ ለምን አልተዋጋሁም?" ወታደሮችህስ የት ገቡ አልኩት። "ግማሾቹን አትጠይቀኝ" አለኝና ካርቶኑን መቁጠር ጀመረ።

የማታው ወፍ፦
@የዱባዩ ይሄንን ለወንድሜ ላነብለት ነው። ግን ማነው ጦሩን ያፈረሰው? ቡሽ ነው?

ሰነድ አገላባጭ፦
እሱ ራሱ ትልቅ ክርክር ነው። ወረቀቱ ላይ የፈረመው አሜሪካ ኢራቅን እንዲያስተዳድር የላከችው ፖል ብሬመር ነው። ጋርነር ገና ሻንጣውን ሳይፈታ ተነሳና በሱ ቦታ ብሬመር ሜይ 12 ባግዳድ ገባ፣ ከዛ በ11 ቀን ውስጥ ሁለት ትዕዛዝ አወጣ። ሜይ 16 ትዕዛዝ ቁጥር 1፣ የሳዳምን ገዢ ፓርቲ፣ የባዝን አባላት ከመንግሥት ሥራ የሚያባርር። ሜይ 23 ትዕዛዝ ቁጥር 2፣ ጦሩንና የደህንነት መሥሪያ ቤቶቹን የሚያፈርስ።

መጀመሪያው ትዕዛዝ የፓርቲውን የላይኛዎቹን አራት እርከኖች ነው ያባረረው፣ በዛ ላይ በየመሥሪያ ቤቱ ላይኛው ሦስት የኃላፊነት ደረጃ ላይ ያለ ማንኛውም አባል ይመረመራል። ሲያነቡት ተገቢ ይመስላል፣ ገዳይ ይባረር ነው። ግን በሳዳም ጊዜ ርዕሰ መምህር ለመሆን፣ የሆስፒታል ክፍል ለመምራት፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለማደግ አባል መሆን ነበረብህ፣ ስለዚህ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወጣ፣ አስተማሪው ሁሉ ሳይቀር። የመብራት ኃይሉን ማሽን ድምፁን ሰምቶ ምን እንደጎደለው የሚያውቀው ኢንጂነር ቤቱ ተቀመጠ፣ ከተማው ደግሞ በ50 ዲግሪ ሙቀት በቀን የተወሰነ ሰዓት ብቻ መብራት እያየ። እና ሰው መብራቱን እንጂ ትዕዛዝ ቁጥር ምናምንን አያይም፣ "ጨረቃ ላይ ሰው ያወጡ ሰዎች ጄኔሬተር መጠገን ያቅታቸዋል? ሆን ብለው ነው" ይላል።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ወደ 400 ሺህ የሚጠጋ መሣሪያ መያዝ የተማረ ሰው፣ ቤተሰብ ያለው፣ በአንድ ወረቀት ያለ ደመወዝ ቀረ። ጁን 18 የቀድሞ ወታደሮች ባግዳድ የብሬመር ግቢ በር ላይ ሰልፍ ወጡ፣ የአሜሪካ ወታደሮች ተኩሰው ሁለት ገደሉ። ሳምንት ቆይቶ በወር ከ50 እስከ 150 ዶላር እንከፍላችኋለን ተባለ። ልብ በሉ፣ ገንዘቡን እንደሁ ከፈሉት! አዋርደው ደም ካፈሰሱ በኋላ መሆኑ ነው እንጂ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይቺ ናት።

ቡሽ ነው ወይ ላልከው፣ በማርች 2003 ዋይት ሐውስ ስብሰባ ላይ የተወሰነው ተቃራኒው ነበር፣ ጦሩን ይዞ ለመልሶ ግንባታ እንዲሠራ ማድረግ። የጋርነር ሰዎችም ከኢራቅ መኮንኖች ጋር ተገናኝተው ከ100 ሺህ በላይ የወታደር ስም ሰብስበው ነበር። ሜይ ላይ ተገለበጠ፣ ብዙዎቹ የጦር አዛዦች እንደ ዱባዩ ሻለቃ እነሱም በዜና ነው የሰሙት ማለት ይቻላል።

ለሚዛን ያህል የብሬመርንም ወገን ልናገር። እሱ የሚለው ጦሩ ራሱ ተበትኖ ነበር፣ ካምፑ ተዘርፏል፣ እኔ የሌለ ነገር ነው ያፈረስኩት፣ ደግሞ በግዳጅ የተመለመለውን ሺዓ ወታደር በሱኒ አዛዦች ሥር ተመለስ ብትለው አይመጣም ነው። ሺዓውና ኩርዱ የሳዳምን ጦር ተመልሶ ቢያይ ይነሳ ነበር የሚለውም እውነት አለበት። ግን ወታደር ቤቱ መግባቱና ወታደር አይደለህም መባሉ አንድ ነው እንዴ? ቤቱ የገባው ግባ ተብሎ ነው።

ባለ ቀይ እስክሪብቶ፦
ሞሱል ላይ አንድ ነገር ልጨምር የሻለቃው ሀገር ስለሆነ። እዛ የነበረው በጄኔራል ፔትሬየስ የሚመራው የአሜሪካ 101ኛ ክፍለ ጦር ነው፣ ሜይ መጀመሪያ ላይ የከተማ ምክር ቤት አስመርጦ፣ የሶሪያን ድንበር ከፍቶ ንግድ አስጀምሮ፣ ከድሮ መኮንኖችም ጋር እያወራ ነበር። በዛ ጊዜ ሞሱል ከባግዳድ ሲነጻጸር ሰላም ነበረች። ትዕዛዝ ቁጥር 2 ሲወጣ እዛም መኮንኖቹ አደባባይ ወጡ፣ ድንጋይ ተወረወረ፣ የሱ ወታደሮች ቆሰሉ። ያ ክፍለ ጦር በ2004 መጀመሪያ ሲወጣ በጣም ባነሰ ጦር ተተካ፣ በዛው ዓመት ኖቬምበር የሞሱል ፖሊስ በጅምላ ጥሎ ጠፋ። ስለዚህ ማዕከሉ ፕላን ባይኖረውም እየሠራ የነበረ ቦታ ነበር፣ እሱንም ነው ያበላሹት።

ጥርጣሬ፦
ይቅርታ ግን አንድ ነገር አልገባኝም፣ ጀርመን ላይም የናዚ ፓርቲ ታገደ፣ ጦሩም ፈረሰ፣ ጃፓን ላይም ጦሩ ፈረሰ። ሁለቱም ዛሬ ሀብታም ናቸው። ታዲያ ኢራቅ ላይ ያው መድኃኒት ለምን መርዝ ሆነ? ኢራቃውያኑም የራሳቸው ድርሻ የላቸውም ወይ? ሁሉንም በብሬመር ማላከክ አይከብድም?

ሰነድ አገላባጭ፦
@ጥርጣሬ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ የኢራቃውያኑም ድርሻ አለ፣ በኋላ ሥልጣን የያዙት ፓርቲዎች ያንን የባዝ ማባረሪያ ሕግ ተፎካካሪ መምቻ አደረጉት። ብሬመር ራሱ አፈጻጸሙን ለኢራቃዊ ፖለቲከኞች መስጠቱ ስህተት ነበር ብሏል በኋላ።

ግን ጀርመንን ስታነሳ ወታደሩንም አብረህ አንሳ። ጦርነቱ ሲያልቅ ጀርመን ውስጥ 1.6 ሚሊዮን የአሜሪካ ወታደር ነበር፣ መንገዱ ሁሉ ወታደር ነው፣ የጀርመን ጦር ደግሞ በአዛዦቹ ፊርማ በይፋ ተሸንፎ እጅ የሰጠ ነው። ናዚ ማባረሩም ቢሆን ቆይቶ ላላ፣ ትንሽ ትንሹ አባል ወደ ሥራው ተመለሰ። ጃፓን ላይ ጭራሽ ንጉሠ ነገሥቱን አልነኩም፣ አብዛኞቹ ሚኒስቴሮች ቀጠሉ፣ የአሜሪካው ጄኔራል ማክአርተር በነሱ በኩል ነው ያዘዘው። ኢራቅ ላይ የጀርመኑን መቀስ ወስደው የጀርመኑን ወታደር ቁጥር ሳይወስዱ ቆረጡት።

የአርበኛ ልጅ፦
የሻለቃውን ታሪክ ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ የኛው የጣሊያን ወረራ ነው (እኔ በኛ አቆጣጠር ልጻፍ)። ሚያዝያ 27፣ 1928 አዲስ አበባ ገቡና አለቀ አሉ። ገና ግን ግማሹ ሀገር አልተያዘም። በዛው ዓመት ሳይሆን በቀጣዩ በታኅሣሥ 1929 የራስ ካሳ ልጆች አበራና አስፋወሰን ምሕረት አለ ተብለው ፍቼ ላይ እጃቸውን ሰጡ፣ ተገደሉ። የካቲት 12 በጣሊያኑ ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረወር ሦስት ቀን ሙሉ አዲስ አበባ ላይ ያገኙትን ሰው ጨፈጨፉ፣ ግንቦት ላይ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት። ከዛ በኋላ ማን እጁን ይሰጣል? እጅ የሰጠውም ያልሰጠውም መሞቱ ካልቀረ ጫካ ይሻላል። ክረምቱ ሳይወጣ ጎጃምና በጌምድር ተነሱ። ግራዚያኒን አንስተው የአኦስታውን መስፍን አምጥተው ለዘብ ለማለት ቢሞክሩም በሩ ተዘግቶ ነበር።

አሜሪካኖቹን ከፋሺስት ጋር አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም፣ የነዛኛው ሆን ተብሎ ሕዝብ ለማስፈራራት የተደረገ ጭፍጨፋ ነው። የማወራው ስለ በሩ ነው። መመለሻ በር ካልተውክለት ሰው ወደፊት ነው ሚሄደው።

የሒሳቧ ልጅ፦
እኔ በሙያዬ አካውንታንት ነኝና እኔን የሚያመኝ ገንዘቡ ነው 😅 ጦርነቱ ሲጀመር አካባቢ የአሜሪካ የዕርዳታ ድርጅት ኃላፊ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ለመልሶ ግንባታው የአሜሪካ ግብር ከፋይ የሚያወጣው 1.7 ቢሊዮን ዶላር ነው፣ ከዛ በላይ የለም አለ። በዛው ዓመት ኖቬምበር ኮንግረስ ከ18 ቢሊዮን በላይ ፈቀደ። ይሄ እንግዲህ በጀት ይባላል።

ከዛ ደግሞ የራሷ የኢራቅ ገንዘብ አለ፣ የነዳጅ ሽያጭና ታግዶ የነበረ ሂሳብ። ወደ 12 ቢሊዮን ዶላር የሚሆነው በጥሬው በወታደር አውሮፕላን ተጭኖ ነው የሄደው፣ የመቶ ዶላር ኖት በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በፓሌት ላይ፣ 363 ቶን ገንዘብ! በቶን የሚቆጠር ገንዘብ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በ2005 መጀመሪያ ኦዲተሩ ለኢራቅ መሥሪያ ቤቶች ከተሰጠው ውስጥ የ8.8 ቢሊዮኑ አወጣጥ በአግባቡ ቁጥጥር አልተደረገበትም አለ። ደመወዝ ተብሎ የወጣለት ዘበኛ በአካል ይኑር አይኑር የቆጠረ የለም። እኔ እዚህ አንዲት የታክሲ ደረሰኝ የጠፋባት ሠራተኛ ስም ይዤ ወር ሙሉ ምሯሯጥ ሰው ሳነበው ራሴን አሞኛል።

የማታው ወፍ፦
እሺ አሁን እየገባኝ መጣ። ግን ከ2003 በኋላ የመጣው ሁሉ፣ አቡ ግራይብ፣ ሱኒና ሺዓ መጋደሉ፣ አይሲስ፣ ይሄ ሁሉ ከነዛ ሁለት ወራት ነው የመጣው ማለት ይቻላል? ወይስ ቢታቀድም ይመጣ ነበር?

ባለ ቀይ እስክሪብቶ፦
ሁሉም አይባልም። የሱኒና የሺዓ ቁስል ሳዳምም ነክቶታል፣ አልቃይዳም ሆን ብሎ እሳቱን አራግቧል። ግን እሳት ሲነሳ የሚያጠፋ አልነበረም። ቅደም ተከተሉን ብቻ ተመልከት። ኦገስት 19፣ 2003 የተባበሩት መንግሥታት ቢሮ በመኪና ቦምብ ተመትቶ 22 ሰው ሞተ፣ መልዕክተኛው ዴ ሜሎ አንዱ ነው፣ ድርጅቱ ሠራተኞቹን አስወጣ፣ ሌሎች ዕርዳታ ድርጅቶችም ተከተሉ። ወታደሩ ሲያንስ ደግሞ በየቤቱ እየገቡ በጅምላ ማሰር መጣ፣ አረብኛ የሚችል ስለሌለ ጥፋተኛውንና ጎረቤቱን የሚለይ የለም፣ እስር ቤቱ ሞላ፣ ጠባቂው ያልሠለጠነ ተጠባባቂ ጦር፣ ከዛ ኤፕሪል 2004 አቡ ግራይብ እስር ቤት ውስጥ እስረኞች ሲሰቃዩ የሚያሳዩ ፎቶዎች ወጡ። በዛው ወር የፋሉጃ ከተማ ውጊያ። ፌብሩዋሪ 22፣ 2006 ሳማራ ላይ ሺዓዎች የሚያከብሩት የአስካሪ መስጊድ ወርቃማ ጉልላት ሲፈነዳ ሰፈር ለሰፈር መጋደሉ ለየለት፣ በ2007 ከ4 ሚሊዮን በላይ ኢራቃዊ ቤቱን ለቋል፣ ግማሽ ያህሉ ሶሪያና ዮርዳኖስ።

ሚገርመው በ2007 ነገሩን ያበረደው ምን ሆነ? ተጨማሪ ወደ 30 ሺህ ወታደር፣ ሺንሴኪ ያለው ማለት ነው በትንሹ፣ እና ትናንት ሲተኩሱባቸው የነበሩ ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ በብዛት ሱኒ የሆኑ ሰዎችን በወር ወደ 300 ዶላር እየከፈሉ ሰፈራቸውን እንዲጠብቁ መቅጠር። በ2003 ያባረሩትን ሰው በ2007 ቀጠሩት፣ በመሃል ያለው አራት ዓመት መቃብር ነው። ሟች የሚቆጥረው ኢራቅ ቦዲ ካውንት የሚባል ድርጅት የመዘገበው የሲቪል ሟች ብቻ ዛሬ ከ185 ሺህ በላይ ነው፣ አሜሪካም ወደ 4,500 ወታደር አጥታለች። እነዛን የተቀጠሩትን ሰዎች ደግሞ አሜሪካ ስትወጣ የኢራቁ ጠቅላይ ሚኒስትር የማሊኪ መንግሥት ገሸሽ አደረጋቸው፣ በሩ ለሁለተኛ ጊዜ ተዘጋ በለው።

አይሲስን ካነሳህ፣ ሶሪያ ውስጥ ድርጅቱን ያደራጀው ሐጂ በክር የሚባለው ሰው የሳዳም አየር መከላከያ ኮሎኔል ነበር። የአይሲሱ መሪ ባግዳዲ ራሱ በ2004 ካምፕ ቡካ በሚባለው የአሜሪካኖች እስር ቤት ታስሮ ነበር፣ ከነዛ የቀድሞ መኮንኖች ጋር አንድ ግቢ። ጁን 10፣ 2014 ሞሱል ወደቀች።

የማታው ወፍ፦
ለወንድሜ ሁሉንም አነበብኩለት፣ እራት እየበላ ሰማኝ። ጨርሼ "እና?" ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ "እኔስ ምን አልኩ፣ ፕላን አልነበራቸውም" ብሎ እጁን ሊታጠብ ተነሳ። ተዉት በቃ።

@የዱባዩ ሻለቃው ግን አሁን የት ነው ያለው? ታገኙታላችሁ?

የዱባዩ፦
አላገኘውም። ሞሱል የወደቀች ጊዜ አብረን ነበርን፣ ጁን ላይ፣ ሌሊት ነው። ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ ነበር፣ ጥቁር ባንዲራ የያዙ መኪኖች ከተማ ሲገቡ። ሁላችንም ተሰብስበን እናያለን፣ የፓኪስታኑም የህንዱም ልጅ። እሱ ባንዲራውን አይደለም ያየው፣ ቪዲዮውን መለስ እያደረገ ድልድዩ ጫፍ ላይ ያቆሙትን ኬላ ነበር ሚያየው፣ መኪናውን እንዴት አገዳድመው እንዳቆሙት፣ መትረየሱ ወደ የት እንደዞረ። ሦስት ጊዜ ይሆናል ያየው። ከዛ "ይሄ የኛ ትምህርት ቤት ነው" አለ። በማግስቱ እናቴ እዛ ናት ብሎ ፈቃድ ጠየቀ፣ የሱን ፈረቃ እኔ ሸፈንኩለት።